ኤክሰስ፣ አቬሬጅ፣ ኢንዶርስመንት፦ የመኪና ኢንሹራንስ ፖሊሲዬን የሚያስረዳኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለቤት መኪናዬ፣ ኮድ 2 ቪትዝ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ። ፖሊሲው ላይ የተመዘገበው ዋጋ 1,200,000 ብር ነው፤ አሁን ገበያው 2,000,000 ገደማ ደርሷል። «ኤክሰስ፦ ከሚከፈለው ካሳ 10 በመቶ፣ ከ5,000 ብር ያላነሰ» ይላል፤ «አቬሬጅ» የሚል አንቀጽም አለው። ብጋጭ ስንት ይደርሰኛል? ሶስተኛ ወገንስ ለብቻው ለምን?

መልስ፦ ሰው የሚጎዳው አቬሬጁ ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። አቬሬጅ ማለት መኪናው ከገበያ ዋጋው በታች ከተመዘገበ ካሳውም በዚያው ልክ ይቀነሳል ማለት ነው። ያስመዘገብከው ከገበያው ዋጋ 60 በመቶ ነው፤ የቀረውን 40 በመቶ ራስህ እንደምትሸከም ይቆጠራል። ፓራውልት፣ ኮፈንና መብራት ተመትተው ጥገናው 150,000 ብር ቢመጣ 60 በመቶው 90,000 ነው። ኤክሰሱ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ካሳ ላይ ራስህ የምትሸከመው ድርሻ፣ 9,000 ሲነሳ 81,000 ይቀርልሃል፤ 69,000 ከኪስህ። የ6,000 ብር ጭረትማ 3,600 ሆኖ ከ5,000 በታች ስለሚወድቅ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) መክፈቱ ድካም ብቻ ነው።

እድሳት አትጠብቅ። ዋጋው እንዲስተካከል ዛሬውኑ በደብዳቤ ጠይቅ፣ ለቀሪዎቹ ወራት ተጨማሪ አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ክፈል፣ ኢንዶርስመንቱን ተቀበል። ኢንዶርስመንት ማለት ፖሊሲው ላይ የሚታከል ማሻሻያ ወረቀት ነው። «አስተካክለንልሃል» ተብሎ በስልክ የተነገረ ነገር ክሌም ላይ አይጸናም። 2,500,000 አድርጌ ልገላገል እንዳትልም፤ መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም ከገበያ ዋጋው በላይ አይከፈልም፣ የከፈልከው ትርፍ አረቦን ነው።

ሌላ መልስ፦ ሶስተኛ ወገን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 አስገዳጅ ነው። መኪናህ በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወት ወይም ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ለራስህ ቪትዝ ሳንቲም አይከፍልም። ጣሪያም አለው፤ ከጣሪያው ያለፈው ካሳ ወደ አንተ ስለሚመጣ ሙሉ ኢንሹራንስህ ያንን የሚሸፍን ተጨማሪ መጠን እንዳለው እይ። ስኬጁሉ (የፖሊሲው ዝርዝር ገጽ) ላይ ደግሞ «አጠቃቀም» የሚለውን መስመር አንብብ። «ለግል» ተብሎ እያለ በክፍያ ሰው ጭነህ ብትጋጭ ክሌምህ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። ስፖኪዮ ቢሰረቅስ?

መልስ፦ «ከፊል ስርቆት» መሸፈኑን ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ ለብቻው ኤክሰስ ይጻፍበታል። የሽፍታና የሁከት ጉዳት ግን በተለምዶ ከመደበኛው ፖሊሲ ውጭ ነው፣ ተጨማሪ ተከፍሎ ነው የሚገባው። ክፍለ ሀገር የምትወጣ ከሆነ ጠይቅ።

ሌላ መልስ፦ አንድ ልጨምር። ስትጋጭ መንገድ ላይ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ብለህ እንዳትፈርም፤ ያለ ኩባንያው ፈቃድ መስማማት ፖሊሲው ይከለክላል። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ያዝ፣ ለኩባንያው ወዲያው አሳውቅ። የኩባንያው ሰው መኪናውን ሳያየው ጋራዥ አስገብተህ እንዳታስፈታ፣ የተቀየረውን ዕቃም አትጣል፤ ይጠይቁሃል።