ሁለት ገጽ ሳልጨርስ እጄ ስልኩ ላይ ነው፣ እናንተ ጋስ እንዴት ነው?

የቧንቧውሃ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ ነኝ። ትንሽ ያሳፍራል ግን ልጠይቅ። ድሮ ማንበብ እወድ ነበር። ያውም ቁጭ ብዬ ሳይሆን ቡና እየቆላሁ፣ እናቴ «አረረ እኮ!» እያለች እየጮኸችብኝ። ልቦለድ ጀምሬ ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ሳልተኛ የጨረስኩበት ጊዜ አለ። አሁን ፒያሳ ከአዟሪ የገዛሁት መጽሐፍ ከጥር ጀምሮ ገጽ 31 ላይ ቆሟል። ምልክት ያደረግኩበት የተፋቀ የሞባይል ካርድ እዛው ተጣብቆ ቀርቷል።

የሚገርመኝ ማንም አልደወለ፣ ስልኩ አልጮኸ፣ እጄ ግን ራሱ ይሄዳል። ትናንት ልብ ብዬ አየሁት። አንድ አንቀጽ ሳልጨርስ ሁለቴ ከፈትኩት። መጀመሪያ ቴሌግራም፣ ከዛ ቲክቶክ፣ ከዛ ደሞ ሰዓት ልይ ብዬ ከፍቼ ሰዓቱን ሳላይ ዘጋሁት። ወደ መጽሐፉ ስመለስ የአንቀጹ መጀመሪያ ጠፍቶኛል። በዛ ላይ የገዛሁት የቀን ፓኬጅ ጊዜው ሳያልፍብኝ ልጠቀምበት የሚል ነገር አለ፣ የማልፈልገውን ቪዲዮ ሁሉ ያሳየኛል።

ነሐሴ 2015 የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በከረመ ጊዜ ግን አራት መጽሐፍ ጨርሻለሁ። ጊዜው ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም፣ ጭንቀቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግን አነበብኩ። ኔት ሲመለስ ንባቡ ሄደ። ጭንቅላቴ ተበላሽቶ ነው ወይስ እርጅና? 27 ዓመቴ ነው፣ አትሳቁ።

ኮምቦልቻ_ሞቃት፦
አብሽሪ እህቴ፣ አልተበላሸም። «እጄ ራሱ ይሄዳል» ያልሽው ነገር የታወቀ ነው። ግሎሪያ ማርክ የምትባል የካሊፎርኒያ ተመራማሪ አለች፣ ሰዎች ስክሪን ላይ እንዴት እንደሚሰሩ ስትከታተል የኖረች። እ.ኤ.አ. በ2004 ሰው አንድ ነገር ላይ በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይቆይ ነበር። በቅርብ ዓመታት 47 ሰከንድ ገደማ ደርሷል። ዋናው ነገር ደሞ ሰውን የሚያቋርጠው ማሳወቂያ ብቻ አይደለም፣ ግማሽ በሚጠጋው ጊዜ ሰው ራሱን ነው የሚያቋርጠው። ልክ እንዳንቺ ሰዓት ሊያይ ገብቶ ሰዓት ሳያይ ይወጣል።

ግን ልብ በይ፣ 47 ሰከንድ የቆዩት ነው እንጂ ሊቆዩ የሚችሉት አይደለም። ያ «የሰው ትኩረት ከአሳ አነሰ፣ 8 ሰከንድ ሆነ» የሚባለው ፌስቡክ ላይ የሚዞር ነገር ደሞ መሠረት የለውም፣ እሱን ተዪው።

እኔ የምወቅሰው ማለቂያ ማጣቱን ነው። ድሮ ድረ ገጽ ታች ስትደርሺ ያልቃል፣ «ቀጣይ» የሚል ትጫኛለሽ፣ እዛች ጋ ትንሽ ታስቢያለሽ። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል ሰው ዝም ብሎ የሚወርድ ገጽ ሰራ፣ በኋላ ራሱ ተጸጽቷል። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፣ ያልቃል፣ ዘግተሽ ሻይ ታፈያለሽ። ቲክቶክ የት ጋ ነው ሻይ የሚፈላው?

ወሬ_አልወድም፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ከኔት በፊት ማን ያነብ ነበር? እኔ ከወልድያ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ነው የማስተምረው። ቤተ መጻሕፍት ማለት ቁልፍ የተንጠለጠለበት ክፍል ነው፣ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ደሞ አይገኝም። እኔ በሕይወቴ ካነበብኩት ግማሹ በቴሌግራም የመጣ ፒዲኤፍ ነው። ያ ባይኖር ምንም አላነብም ነበር።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ሁሉም ሰው ተነስቶ «ቲክቶክ ነው፣ ቲክቶክ ነው» አለ። እኛ ጋ ኔትወርክ ለማግኘት ጉብታ መውጣት ያስፈልጋል። ጦርነት አልፎበት ወንበር ያጣ ክፍል ውስጥ የተማረን ልጅ በስልክ ማመካኘት ደስ አይልም። እና እህቴ፣ ኔት ሲዘጋ አነበብኩ ያልሽውን እኔም አልክድም፣ ግን በዛው ጊዜ ለእናቴ መድኃኒት ብር መላክ አቅቶኝ ነበር። ፈውስ አታድርጊው።

የቧንቧውሃ_ልጅ፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ፈውስ ነው አላልኩም። መመለሱ ደስ ብሎኛል። ንባቤን ይዞ ሄደ ነው ያልኩት።

ኮምቦልቻ_ሞቃት፦
@ወሬ_አልወድም ፒዲኤፉን በተመለከተ ትንሽ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ 54 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ስራ አለ። ተመሳሳይ ጽሑፍ በወረቀት ያነበቡት በስክሪን ካነበቡት በትንሹ ይበልጣሉ፣ በተለይ ሰዓት ሲያጣድፍ። ልቦለድ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ልቦለድህን በፒዲኤፍ ቀጥል፣ የትምህርቱን ግን ለልጆቹ ፎቶኮፒ ብታደርግላቸው ሳይሻል አይቀርም።

ወሬ_አልወድም፦
የፎቶኮፒ ቀለሙን አንተ ትገዛለህ?

ሐይቅ_ዳር፦
ልጆቼ፣ እኔ 61 ዓመቴ ነው፣ የምጽፈውም በልጄ ስልክ ነው። አንድ ነገር ልንገራችሁ። በልጅነቴ ደረሳ፣ የቁርኣን ተማሪ ማለቴ ነው፣ ነበርኩ። ሉህ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ በጥላሸት ቀለም ይጻፍልንና እንቀራለን። በቃሌ ይዤ ለሸኹ ሳላሰማ ሉሁ አይታጠብም፣ አዲስም አይጻፍም። አንዳንዴ ለአንዲት ሉህ ሦስት ቀን ይፈጃል። እስጢፋኖስ በኩል ያሉት የቆሎ ተማሪዎችም ዳዊታቸውን እንዲሁ ነበር የሚሉት፣ መንገድ ላይ ስንገናኝ ማን ምን ያህል እንደያዘ እንፎካከር ነበር።

አሁን ሰው «ጸጥ ያለ ቦታ አጣሁና ማንበብ አቃተኝ» ሲል እስቃለሁ። እኛ ሃያ ልጆች አንድ ጎጆ ውስጥ ሁላችንም የየራሳችንን እየጮህን ነበር የምንቀራው። ጎኔ ያለው ልጅ የሚለው በጆሮዬ ይገባል። ግን አፌ የራሴን እያለ፣ ጣቴ ሉሁ ላይ እየሄደ፣ ወገቤ እየተወዛወዘ ልቤ ወዴት ይሄዳል? ሁሉም ስራ ይዟል። አንቺ ልጄ ዝም ብለሽ በዓይንሽ ብቻ ስለምታነቢ እጅሽ ስራ ፈትቶ ነው ስልኩን የሚፈልገው። ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ፣ ጣትሽንም መስመሩ ላይ አድርጊ።

ሌላውን ስመክር እኔም ጻድቅ አይደለሁም። መንዙማ ልስማ ብዬ ዩቲዩብ እከፍትና ቶናው ቀዝቅዞ ባለቤቴ ትቆጣኛለች።

ነርሷ፦
ጋሼ ደስ የሚል ነገር ነው የጻፉልን፣ እድሜ ይስጥልን። እኔ የማውቀው ስልኩን ሌላ ክፍል ማስቀመጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቴክሳስ ላይ ባደረጉት ሙከራ ስልካቸው ሌላ ክፍል የቀረላቸው ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት ይልቅ ፈተናውን በደንብ ሰርተዋል፣ ስልኩ ድምፅ ሳያሰማ። በኋላ ሙከራውን ከደገሙት መካከል ግን ያንኑ ውጤት ያላገኙ አሉ። ለእኔ ግን ይሰራል፣ አዳር ስሆን የሕመምተኛ ካርድ የማነበው ስልኬን ሎከር ውስጥ ቆልፌ ነው።

የቧንቧውሃ_ልጅ፦
ሳምንት ሞከርኩና መጣሁ። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት፣ እሷ ደሞ መሶብ ውስጥ ከተተችው። የመጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ተነስቼ መሶቡ ድረስ ሄጃለሁ፣ ሦስተኛው ላይ «እንጀራ ነው የምትፈልጊው?» ብላ አሳቀችብኝ። ሁለተኛው ቀን ትንሽ ይሻላል።

ከዛ እንደ ሐይቁ ጋሼ ድምፄን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ፣ ቡና ሲፈላ። እናቴ መጀመሪያ «ምን ያስለፈልፍሻል» አለች። ሦስተኛው ቀን ላይ ሲኒ እያጠበች ቆም ብላ «ከዛስ፣ ልጅቷ ሄደች?» አለችኝ። አሁን ገጽ 74 ነኝ። ዛሬ ጠዋት ሰኞ ገበያ ስትወጣ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «እኔ ሳልመጣ እንዳታነቢ።»

ማታ ማታ ግን አልዋሽም፣ ስልኩ ትራሴ ስር ነው አሁንም።

ወሬ_አልወድም፦
የመጽሐፉን ስም ሳትነግሪን ልትሄጂ ነው? ፒዲኤፍ ካለው ላኩልኝ።