ስታቲክስ፦ ሪአክሽኑ ኔጌቲቭ መጣብኝ፣ ነገ ሚድ ነው፣ ድረሱልኝ!

ብርዱ ገደለኝ፦ ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን ነኝ። ነገ ጠዋት 2:30 የስታቲክስ (የማይንቀሳቀሱ አካላት ላይ ያሉ ኃይሎች ትምህርት) ሚድ አለብኝ፣ አንድ የወርክሺት ጥያቄ ግን አላስተኛ አለኝ። ቢሙ (አግድም ተሸካሚው) 6 ሜትር ነው። ኤ ላይ ፒን (ወደ ጎንም ወደ ላይና ታችም የሚይዝ ድጋፍ)፣ ቢ ላይ ሮለር (ወደ ጎን የማይይዝ ድጋፍ) አለ። ከዳር እስከ ዳር በሜትር 3 ኪሎ ኒውተን ተጭኖበታል። ቀኝ ጫፉ ላይ 12 ኪሎ ኒውተን ሜትር ክሎክዋይዝ ካፕል (የሚያዞር ጥንድ ኃይል) አለ። ሪአክሽኖቹን፣ ማለትም ድጋፎቹ ቢሙን የሚይዙበትን ኃይል፣ እኔ ኤን -13.5፣ ቢን 31.5 አገኘሁ። መልሱ ግን 1.5 እና 16.5 ይላል። ወርክሺቱ ነው አይደል የተሳሳተው? መብራት ስለሌለ ስዕሉን ፎቶ ማንሳት አልቻልኩም። ስልኬ 9 ፐርሰንት ነው፣ ቶሎ በሉልኝ!

መንዜው፦ መጀመሪያ ፍሪ ቦዲ ዲያግራም (ቢሙን ለብቻው፣ ኃይሎቹን በቀስት) ሥራ።

ብርዱ ገደለኝ፦ ሥሪ በለኝ፣ ሴት ነኝ። ሠርቻለሁ ደግሞ።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ የዛሬ ተማሪ ካልኩሌተር ከመንካቱ በፊት ትንሽ ቢያስብ ጥሩ ነበር። ኒውተን ሕጎቹን በ1687 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ካልኩሌተር አልነበረውም። አንድ አካል ካልተንቀሳቀሰ ወደ ጎንም ሆነ ወደ ላይና ታች የሚገፉት ኃይሎች ድምር ዜሮ ነው፣ የሚያዞሩት ሞመንቶች (ኃይል በርቀት ሲባዛ) ድምርም ዜሮ ነው። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ሦስት ኢኩዌሽን አለሽ። ፒን ሁለት ያልታወቀ ይሰጥሻል፣ ሮለር አንድ። ሦስት ለሦስት ገጠመ ማለት ነው። ይህን ሳታውቂ ወደ ቁጥር ከገባሽ...

ሰላ ድንጋይ፦ ጋሽዬ፣ ልጅቷ 9 ፐርሰንት ነው የቀራት!

ጣርማበር፦ ሠራሁት። 7 እና 11 ነው። ወርክሺቱም ተሳስቷል፣ አንቺም ተሳስተሻል።

ሲኒየር ሲቪል፦ ቆይ፣ ቢ የት ነው ያለው? ጫፍ ላይ ከሆነ የጣርማበር መልስ ልክ ነው። የወርክሺቱ መልስ ግን ጫፍ ላይ አይመስልም።

ብርዱ ገደለኝ፦ ውይ፣ ከኤ 4 ሜትር ላይ ነው። 2 ሜትሩ ወደ ውጭ ወጥቷል። ግልጽ መስሎኝ እኮ ነው።

ጣርማበር፦ ስዕሉን እኛ በምን እንየው፣ በህልም?

መንዜው፦ ፍሪ ቦዲ ዲያግራም ብያለሁ።

ሰላ ድንጋይ፦ በደብረ ብርሃን ብርድ ቢሙ ተኮራምቶ 4 ሜትር ሆኗል በሉ እንጂ! ለማንኛውም እህቴ፣ ካፕልን በርቀት አታባዢ። የጣርማበርን ጠመዝማዛ የሚወርድ ሹፌር መሪውን እንዴት እንደሚያዞር አይተሻል? አንዱ እጁ ሲገፋ ሌላው ይስባል። የኃይሉ ድምር ዜሮ ነው፣ የሚቀረው ማዞሩ ብቻ ነው። አንቺ 12ን በ6 አባዝተሽ 72 አድርገሻል መሰለኝ። ዩኒቱን እዪዋ፣ ኪሎ ኒውተን ሜትር ስኩዌር። የምን ጉድ ነው እሱ?

ጣርማበር፦ ስሜን ለምሳሌ ስለተጠቀምክ ክፍያ አለው።

ሲኒየር ሲቪል፦ ሰላ ድንጋይ እየቀለደ ዋናውን ነገር ተናግሯል። ካፕል ቢሙ ላይ የትም ቢቀመጥ ሪአክሽኑ አይለወጥም፣ እንዳለ 12 ሆኖ ይገባል። የተከፋፈለው ሎድ 3 በ6፣ 18 ኪሎ ኒውተን ነው። መሐል ላይ፣ ከኤ 3 ሜትር ላይ አስቀምጪው። ኤ ላይ ሞመንት ውሰጂ፦ ቢ × 4 = 18 × 3 + 12 = 66። ቢ 16.5 ይሆናል። ከ18 ላይ ስትቀንሺው ኤ 1.5 ይመጣል። ወደ ጎን የሚገፋ ነገር ስለሌለ የፒኑ አግድም ሪአክሽን ዜሮ ነው፣ ፈተና ላይ ግን ዜሮ ብለሽ ጻፊው፣ ማርክ አለው። ጊዜ ከተረፈሽ ቢ ላይ ሞመንት ወስደሽ አረጋግጪ፦ ኤ × 4 + 12 = 18 × 1። ያው 1.5 ነው።

ጡረተኛው፦ እኔም ይህንኑ ነው ያልኩት።

ሲኒየር ሲቪል፦ ርዕስሽ ላይ ግን አልስማማም። ኔጌቲቭ ስለመጣ ብቻ ስህተት አይባልም። አቅጣጫውን ወደ ላይ ብለሽ ገምተሽ ወደ ታች ሆነ ማለት ነው። እዚሁ ጥያቄ ላይ ካፕሉ ከ18 ቢበልጥ ኖሮ ኤ የእውነት ኔጌቲቭ ይሆን ነበር፣ ፒኑ ቢሙን ወደ ታች ይዞት ማለት ነው። ኔጌቲቭ ባየሽ ቁጥር እየሰረዝሽ ሰዓትሽን እንዳትጨርሺ።

መንዜው፦ ፍሪ ቦዲ ዲያግራም ላይ ቀስቱ ወዴት ነበር?

ጣርማበር፦ ሰውዬው ሌላ ነገር አልተማረም። ብርዱ፣ አለሽ?

ሰላ ድንጋይ፦ ስልኳ ዘግቷል መሰለኝ።

ፍሬሽ ከሸዋ ሮቢት፦ አሁን ነው ያየሁት። ሚዱ እንዴት ነበር? የትረስ ወርክሺት ያላችሁ ደግሞ ላኩልኝ እባካችሁ፣ እኛ የምንፈተነው ሐሙስ ነው።