«እጅ መስጠት» ለእግዚአብሔርም ይሆናል?

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ የከነከነኝ ነገር አለ። ባለፈው እሑድ ደብረ ማርቆስ ጉባኤ ላይ ሰባኪው «ለእግዚአብሔር እጃችሁን ስጡ፣ ያኔ ኃይል ታገኛላችሁ» ሲሉ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ምን፣ ሽፍታ አረጉን እንዴ!» ብለው አጉረመረሙ። ሳቄን አፍኜ ወጣሁ። ግን እውነት፣ ለዚህ ነገር የኛ ቃል የቱ ነው?

— እኔ ከሽማግሌው ጋር ነኝ። «እጅ ሰጠ» የተሸነፈ ሰው ቃል ነው። በላይ ዘለቀ ለጣሊያን እጅ ሳይሰጥ በከረመበት አገር ደግሞ ጭራሽ ለጆሮ አይጥምም። የሚገርመው፣ አክብሮ ጎንበስ ላለ ሰው «እጅ ነሳ» ነው የምንለው። ለጠላት ይሰጣል፣ ለጌታ ይነሳል!

«ለእግዜር ሰጠሁት»ም አይሆንም። እሱ ጎረቤት ድንበር ሲገፋ የሚባል ነው፣ ግማሹ እርግማን።

የሞጣዋ አያቴ ቃል ግን ሌላ ነበር። አጎቴ በጠና የታመመ ሌሊት ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ ስታለቅስ ቆየችና፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ «በቃ፣ አንተ ታውቃለህ» አለች። ከዚያ ተነስታ ጌሾ መውቀጥ ጀመረች፣ በዚያ ሌሊት! ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው እስካሁን ይደንቀኛል። ለኔ ቃሉ ይሄው ነው፣ «አንተ ታውቃለህ»።

— እህታለም፣ ቆንጆ ብለሻል። እኔ አንድ ልጨምር። ጳውሎስ የሥጋውን መውጊያ እንዲያርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነው (2ኛ ቆሮ 12፥9)። የዛሬ ልጅ «በድካም» ሲባል በልፋት፣ በላብ ይመስለዋል፣ ማለትም ትርጉሙ ተገለበጠ! የግእዙ ደክመ አቅም ማጣት ነው። እኛም እኮ «ደካማ እናት አለችኝ» ስንል ለፊ ናት ማለታችን አይደለም። ቀጥሎ ያለው «በምደክምበት ጊዜ ያን ጊዜ ኃይለኛ ነኝና» ደግሞ ይባስ፣ ዛሬ ኃይለኛ ማለት ቁጡ ሆኗል። የዋሸራ ቅኔ ተማሪ ቢያገኘው ልፋቱን ሰም፣ አቅም ማጣቱን ወርቅ አድርጎ ይቀኝበት ነበር።

— እሺ፣ ለሽማግሌው እሑድ «አንተ ታውቃለህ»ን ይዤላቸው እሄዳለሁ። «አንተ» አልከኝ ብለው ከተቆጡ ግን ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።