ክርክር፦ ቆሻሻ አቃጥሎ ከተማ ማሞቅ ይቀጥል ወይስ ይብቃ?

መነሻ፦ በአንዳንድ የአውሮፓ ከተሞች ቆሻሻ ሲቃጠል የሚወጣው ሙቀት በቧንቧ ወደ ቤቶች እየተላከ ያሞቃል። ዴንማርክ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረሰ የፖለቲካ ስምምነት ቆሻሻ የማቃጠል አቅሟን እስከ 2030 በ30 በመቶ ልትቀንስ ወስናለች። ልክ ናት?

ዳዊት፦ አይመስለኝም። ተለይቶ የተረፈው ቆሻሻ ጉድጓድ ቢገባ ምድርን የሚያሞቀውን ሚቴን ጋዝ ያወጣል። አንድ ቶኑ ግን በደንብ ከተቃጠለ 2 ሜጋዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት፣ ከዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። የቪየናው ቆሻሻ ማቃጠያ ሽፒተላው ከ1971 ጀምሮ የሚያሞቀው የከተማዋን ትልቅ ሆስፒታል ጭምር ነው። ያ ሙቀት ቢቀር በምን ይተካ? በጋዝ?

ሄለን፦ ዳዊት፣ ስፋቱን ተመልከት። ኮፐንሃገን ያለው ማቃጠያ አማገር ባከ እያንዳንዳቸው በሰዓት 35 ቶን የሚያቃጥሉ ሁለት መስመሮች አሉት። የአገሩ ቆሻሻ ስላልበቃው ከውጭ ያስመጣል። ፕላስቲክ ተለይቶ ሲወጣ ደግሞ የቀረው እርጥብ የምግብ ትራፊ ስለሚሆን ሙቀቱ ይወርዳል። ስለዚህ ምድጃው ፕላስቲክ ይፈልጋል፤ ፕላስቲክ ደግሞ በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ነው፤ ጋዙን ቀነስን ብለን ዘይት እያነደድን ነው።

ዳዊት፦ ጭሱስ ቢሆን? የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጭሱ ከ850 ዲግሪ በላይ ቢያንስ ለ2 ሰከንድ እንዲቆይ ያስገድዳል፤ ዳይኦክሲን የሚባለው መርዝ እዚያ ይፈርሳል።

ሰላም፦ ይፈርሳል፤ ግን ተመልሶ ይሠራል። ጭሱ ቦይለሩ (ውኃ ማፍያው) ውስጥ ከ400 ወደ 200 ዲግሪ ሲወርድ ከዘገየ፣ ቱቦው ላይ በተጋገረው አቧራ እንደገና ይፈጠራል። ለዚህ ነው ቱቦው በየጊዜው የሚራገፈው፤ ቀጥሎም ኖራና አክቲቬትድ ካርቦን (መርዝ የሚስብ ከሰል) ተረጭቶ በከረጢት ማጣሪያ የሚያዘው። ማጣሪያው ላይ የሚቀረው አመድ አደገኛ ቆሻሻ ነውና ለብቻው ይቀበራል። የጨውና የፒቪሲ ፕላስቲክ ክሎሪን ደግሞ የእንፋሎት ቱቦውን ስለሚበላ እንፋሎቱ በ400 ዲግሪና በ40 ባር ግፊት አካባቢ ይገታል፤ በዚህም የሚገኘው ኤሌክትሪክ ያንሳል። ኤሌክትሪክ ብቻ ማምረት የማያዋጣው ለዚሁ ነው። የአዲስ አበባው ማቃጠያ ረጲ ደግሞ ሙቀቱን የሚወስድለት የቤት ማሞቂያ መስመር የለውም፤ የሚገባውም ቆሻሻ እርጥብ ነው።

ዳዊት፦ ይህ እኮ የኔን ሐሳብ ያጠናክራል፤ ማሞቂያ ቧንቧ ባለበት ይቃጠል።

ሰላም፦ በብርድ ወራት አዎ። በሞቃት ወራት ግን ሙቀት ፈላጊ ጥቂት ነው። ቆሻሻውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ለብርዱ ማቆየት ይቻላል፤ ጥቅሉ እርጥብ ከሆነ ግን ውስጡ ይግልና እሳት ይነሣል። ስለዚህ የምድጃው መጠን በሞቃት ወራት በሚገባው ቆሻሻ ልክ ይሁን፤ በብርዱ የሚጨምረውን ፍላጎት የሙቀት ፓምፕ (በኤሌክትሪክ ከአየር ወይም ከውኃ ሙቀት የሚስብ መሣሪያ) ይሸፍነው።

ሄለን፦ እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። ፕላስቲኩ ግን መጀመሪያ ይለይ፤ ከተማው ከማቃጠያው ጋር የሚገባው ውልም "ይህን ያህል ቶን ካላመጣህ ትቀጣለህ" የሚል አንቀጽ አይኑረው። ማዘጋጃ ቤቱን ከመለየት የሚያግደው እሱ ነው።