ሕገ መንግሥቱን ማን ይተርጉም? የጅማ ልጆች ክርክር

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ የጀመርነውን ክርክር ዝናቡ ስለበተነው እዚህ እንቀጥል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 62 የመተርጎሙን ሥልጣን የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች ለሚቀመጡበት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል። ይህ ይቀጥል ወይስ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይቋቋም? ስድብ ክልክል ነው።

ጠበቃው፦ ይቋቋም እንጂ! ምክር ቤቱ የፖለቲከኞች ነው። በ2012 ያየነውን አስታውሱ። ኮሮና መጣ፣ ምርጫው ተራዘመ፣ የመንግሥት የሥልጣን ዘመን ሊያልቅ ሆነ። ጉዳዩ ለትርጉም ተላከ። ለምክር ቤቱ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርበው የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ባለሙያዎችን ጠርቶ በቴሌቪዥን ሰማ፤ ይህን አደንቃለሁ። ግን ሰኔ 3 ቀን ውሳኔውን ያጸደቀው ማነው? የራሱም ዘመን አብሮ የሚራዘምለት ምክር ቤት! አንድ ዳኛ እንዲህ ቢያደርግ በማግስቱ ከችሎት ይነሳልን ብዬ አቤቱታ አስገባ ነበር።

የሕግ ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ የ2012ቱን አልከራከርም። ግን ፍርድ ቤት ሁልጊዜ ያድነናል ያለው ማነው? የሸሪዓ ፍርድ ቤቱን ጉዳይ አንብበውታል አይደል? በውርስ ክርክር ተከሳሾቹ እዚያ መዳኘት አንፈልግም አሉ። አንቀጽ 34(5) ደግሞ የሁለቱንም ወገን ፈቃድ ይጠይቃል። ሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ተቃውሟቸውን አልፎ ፈረደ፤ ይግባኙም አልጠቀማቸውም። በ1996 ውሳኔውን የሻረላቸው እርስዎ የፖለቲከኞች የሚሉት ምክር ቤት ነው።

ጠበቃው፦ አንድ ጥሩ ውሳኔ ሥርዓት አይሆንም፣ እህቴ።

የሕግ ተማሪዋ፦ አንድ መጥፎ ውሳኔስ?

የአጋሮው መምህር፦ 😂 ጠበቃ ተያዘ!

ሐጂ፦ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ቡና ነጋዴ ነኝ። ግን ጅሬን ቤተ መንግሥቱ ቆሟል፣ ሄዳችሁ እዩ። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ተስማምተው ገበሩ። በምላሹ ጅማ በራሷ ሰው ተዳደረች። ይህ ወረቀት ላይ ቢሰፍርም ባይሰፍርም ውል ነው። ሕገ መንግሥት የተባለው በ1923 አዲስ አበባ ላይ ወጣ። በዓመቱ፣ በ1924፣ የጅማ ራስ ገዝነት አበቃ። አቤት የሚባለው ለማን ነበር? ለዚያው ለንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት! ስለዚህ ሕዝቦች የተዋዋሉትን ራሳቸው ሕዝቦቹ ተቀምጠው ይተርጉሙት የሚለው ሐሳብ ወላሂ ይገባኛል። አዲስ አበባ የተቀመጡ ጥቂት ዳኞች የኔን ነገር ከየት ያውቁታል?

ጠበቃው፦ ሐጂ፣ እርስዎ እኮ ለኔ ነው የመሰከሩልኝ! ያኔ ዳኛውም ተዋዋዩም አንድ ስለነበረ ነው ጅማ አቤት የምትልበት ያጣችው። ምክር ቤቱ ውስጥም ያው ነው፤ አባላቱን የሚልከው ክልል ራሱ ተከራካሪ ይሆናል።

ሐጂ፦ ያኔ አንድ ሰው ነበር። አሁን እያንዳንዱ ብሔር ቢያንስ አንድ ወንበር አለው። እኩል አታድርገው፣ ልጄ።

ጡረተኛው ዳኛ፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ ብዬ አላባብላችሁም። ሐጂ ያሉት የአርቃቂዎቹ ክርክር ነው። በ1987 ሲጸድቅ ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ አንቀጽ 8 ሉዓላዊነቱን ለብሔሮች ሰጠ፣ ትርጉሙም ተከተለው። ለዳኞች አለመስጠት ያኔ አልተጀመረም፤ በደርግ ጊዜ የወጣው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥትም ለመንግሥት ምክር ቤት ነበር የሰጠው። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አንቀጽ 13 ፍርድ ቤቶች በየደረጃው መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለባቸው ይላል። እኛ ግን ችሎት ላይ ሕገ መንግሥት የሚል ቃል ሲነሳ እንደ ትኩስ ድንች ወደ ላይ እንወረውረው ነበር። «ይህ የትርጉም ጉዳይ ነው፣ አይመለከተንም» ማለት ይቀላል፤ መዝገቡ ይዘጋል፣ ማንም አይቆጣህም። በዚህ ልማድ አዲስ ፍርድ ቤት ብትሠሩ ወንበሩ አዲስ ይሆናል፣ የሚቀመጥበት ዳኛ ግን ያው ነው።

የአጋሮው መምህር፦ የኦሮሚያስ? የክልሉን ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ኮሚሽን ከየወረዳ ምክር ቤቱ በሚወከሉ ሰዎች ነው የተዋቀረው። የኛ ጎማ ወረዳ ተወካይ ሕግ ይተረጉማል ማለት ነው። ሰውየው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ግን...

ጡረተኛው ዳኛ፦ በፌዴራል ደረጃ ለዚህ ነው አጣሪ ጉባኤ የተጨመረው። ከ11 አባላቱ ሁለቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ምክትል፣ ስድስቱ የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። ግን የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባሉ እንጂ የመጨረሻው ቃል የነሱ አይደለም።

የሕግ ተማሪዋ፦ የጀርመኖቹን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እንይ። 16ቱን ዳኞች የሚመርጡት ፖለቲከኞች ናቸው፤ ግማሹን ሕዝብ የሚመርጠው ምክር ቤት (ቡንደስታግ)፣ ግማሹን የክልሎቹ ምክር ቤት (ቡንደስራት)። ግን 12 ዓመት ይሰጣቸዋል፣ ዳግም አይመረጡም። የሚያጎበድዱበት ምክንያት የላቸውም። እኔ ለሁለት ይከፈል ባይ ነኝ። የማንነትና የወሰን ጉዳይ ምክር ቤቱ ጋ ይቆይ፣ የግለሰብ መብት እንዲህ ላለ ፍርድ ቤት ይሰጥ።

ጠበቃው፦ በዚህ እስማማለሁ። ችግሩ ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚደነግገው አንቀጽ 105 ነው። የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያ የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ። የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ሥልጣኑን ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ያስረክብ ማለት ነው።

ሐጂ፦ እሱ ይቅር፣ ቢሳካ እንኳ። አንድ ሰው በማንነቴ ምክንያት መሬቴን ተቀማሁ ብሎ ቢመጣ የማንነት ነው ወይስ የግለሰብ መብት? የት እንደሚሄድ የሚነግረው ማነው?

ጠበቃው፦ ፍርድ ቤቱ ይወስናላ።

ሐጂ፦ ምክር ቤቱም እኔ ነኝ የምወስነው ይልሃላ!