«በሰቃ» ወይስ «የመተሐራ ሐይቅ»?

ካርታ አንባቢ፦
ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በስተ ምዕራብ፣ ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ ያለውን ሐይቅ አንዱ ካርታ «በሰቃ»፣ ሌላው «መተሐራ» ብሎ ይጽፈዋል። በመማሪያ መጻሕፍት፣ በጥናቶችና በጉብኝት ጽሑፎችም ሁለቱ ስሞች እየተፈራረቁ ስለሚመጡ፣ አካባቢውን የማያውቅ አንባቢ ስለ ሁለት ሐይቆች የሚነገረው ሊመስለው ይችላል። ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ በካርታ፣ በትምህርት መጽሐፍና በፓርኩ ሰሌዳ ላይ ዋናው ስም የትኛው ይሁን የሚል ነው። ምክንያት የሌለው ድጋፍ ለማንኛችንም ስለማይጠቅም፣ አስተያየት የምትሰጡ ሁሉ ምክንያታችሁን አብራችሁ እንድታቀርቡ እጠይቃለሁ።

የባቡር ልጅ፦
እኔ «የመተሐራ ሐይቅ» እንዲባል እደግፋለሁ። የቦታ ስም የመጀመሪያ ተግባሩ ሰውን ወደ ቦታው መምራት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋም ሆነ ወደ ጅቡቲ በመኪና የሚጓዝ ሰው መተሐራ ከተማን፣ ስኳር ፋብሪካውንና የድሮውን የባቡር ጣቢያ ያውቃል፤ ሐይቁንም የሚያየው ከዚያው መንገድ ላይ ሆኖ፣ ከጥቁሩ የቅልጥ ድንጋይ ሜዳ ጋር ነው። በሰቃ የሚለውን ስም ግን ከአካባቢው ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ሕዝብ የለመደውን ስም ትቶ ያልለመደውን ማስቀደም ተጓዡንም ተማሪውንም ያደናግራል።

ፈንታሌ ሥር፦
ወንድሜ፣ «ሕዝብ» ሲሉ መንገደኛውን ብቻ የቆጠሩ ይመስለኛል። በሐይቁ ዙሪያ ግመሉንና ከብቱን ሲያሰማራ የኖረው የከረዩ ኦሮሞም ሕዝብ ነው፤ ለእርሱም ሐይቁ በሰቃ ነው። ይህ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአንድ በኩል የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ባቋቋመው የሸንኮራ እርሻ፣ በሌላ በኩል በብሔራዊ ፓርኩ መከለል ምክንያት ሰፊ የግጦሽ መሬትና ወደ አዋሽ ወንዝ የሚወርድባቸውን መንገዶች አጥቷል። መሬቱ ከሄደ በኋላ ስሙንም ከካርታ ላይ ማንሣት ፍትሐዊ ነው ብሎ ማስረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

ይሁንና ክርክሬን በፍትሕ ጥያቄ ላይ ብቻ አላቆመውም፤ የመልክዓ ምድሩም ነገር ከእኔ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ የሐይቁ ስፋት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከከተማው ርቆ በተራራው ግርጌ የተኛ ትንሽ ውኃ ስለነበረ፣ ያን ጊዜ የመተሐራ ሐይቅ ብሎ ለመጥራት ብዙም ምክንያት አልነበረም። ሐይቁ ወደ ከተማው የቀረበው ከዚያ ወዲህ እየሰፋ፣ የግጦሽ መሬትና እርሻ እየዋጠ፣ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን እያስጨነቀ ሲመጣ ነው። ከተማው ላይ አደጋ ሆኖ የመጣን ውኃ በከተማው ስም መጥራት፣ መጨረሻ የደረሰበትን ቦታ ይዞ መነሻውን መርሳት ነው።

አባያንም አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ጣሊያናዊው አሳሽ ቦቴጎ በንግሥታቸው ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው፤ የውጭ ካርታዎችም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ጻፉት። ዛሬ ግን በካርታችን ላይ ያለው የአገሬው ስም ነው።

አዋሽ ቁልቁል፦
ሁለታችሁም የሐይቁ ማንነት የታወቀ እንደ ሆነ አድርጋችሁ ስለ ስሙ ትከራከራላችሁ። በእኔ አስተያየት ግን ቀዳሚው ጥያቄ ስም የምንሰጠው ለየትኛው ሐይቅ ነው የሚለው ነው። 3 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ውኃ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኗል። እንደ አብያታ ያሉ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በሚሸሹበት ዘመን ይህኛው እየሰፋ መሄዱ ብቻውን ሊያስገርም ይገባል።

የመስፋቱ ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዳንድ ተመራማሪዎች በአባድር በኩል ካለው የመስኖ እርሻ የሚሰርገውን ትርፍ ውኃ ዋና ምክንያት ያደርጉታል። ሌሎች ደግሞ ከፍል ውኃዎቹና ከከርሰ ምድር የሚመጣው ውኃ መጨመሩን፣ ይህም ከስምጥ ሸለቆው የመሬት እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያስቀድማሉ። የፈንታሌ አካባቢ ጸጥ ያለ መሬት አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው አስነሥቷል። ሐይቁ የተፈጥሮ መውጫ ስለሌለው የሚገባው ውኃ የሚቀንሰው በዋናነት በትነት ነው፤ ጨውና ፍሎራይዱም እዚያው ይጠራቀማል። ከፍታውን ለመቀነስ በቦይ ወደ አዋሽ የሚለቀቀው ውኃ ታችኛው ተፋሰስ ላይ ያለውን ገበሬና አርብቶ አደር የሚያሳስበውም ለዚህ ነው። እኔ የምፈልገው ካርታ ከስሙ በፊት የባሕር ዳርቻው መስመር የተለካበትን ዓመት የሚጽፍ ካርታ ነው።

የባቡር ልጅ፦
የአባያ ምሳሌ እዚህ የሚሠራ አይመስለኝም። ማርጌሪታ ከባሕር ማዶ የመጣ ስም ነበር፤ መተሐራ ግን የአገሩ የራሱ ስም ነው፣ የሚጠሩትም የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። በከተማው የተወለደው ልጅ ከከረዩው እረኛ ያነሰ ባለቤት ነው ካልተባለ በቀር፣ ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን ይጻፉ።

ፈንታሌ ሥር፦
የከተማውን ልጅ ባለቤትነት አልካድሁም፤ ስለ ሐይቁ ስም እንጂ ስለ ከተማው ስም አልተከራከርንም። ስሞቹ ጎን ለጎን ይጻፉ ማለት ግን ውሳኔውን ለቀጣዩ ካርታ ሠሪ መተው ነው። ቦታ ሲጠበው አንዱን ይሰርዛል፤ የሚሰረዘውም ብዙውን ጊዜ ለጽሕፈት ቤት ሰው ጆሮ እንግዳ የሆነው ነው። «መተሐራ» ከአፍ ይጠፋል ብለው ከሆነ አይሥጉ። ደምበል የሚለው ስም በጽሑፍ እየተዘወተረ እንኳ ብዙ ሰው ዛሬም ሐይቁን ዝዋይ ይለዋል፤ የከለከለውም የለም።

ካርታ አንባቢ፦
እኔን ያሳመነኝ ሐይቁ ወደ ከተማው መጣ የሚለው የመልክዓ ምድር ምክንያት ነው። ስለዚህ ዋናው ስም በሰቃ ሆኖ፣ መተሐራ በስም ማውጫና በማብራሪያ ውስጥ እንደ ሁለተኛ መጠሪያ ቢገባ ተገቢ ይሆናል እላለሁ። የዓመቱ ነገርም ከስሙ ጋር አብሮ መሄድ አለበት፤ ያለ ዓመት የተሣለ የበሰቃ ዳርቻ ተማሪውን ያሳስታል። ብሔራዊ ካርታ የሚያዘጋጀው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ስለሆነ ጥያቄው በጽሑፍ ለእርሱ ቢቀርብ ይሻላል። የባቡር ልጅ ከተቃውሞዎ ካልተመለሱ፣ ተቃውሞዎ በራስዎ ቃል ከጥያቄው ጋር ይያያዝ።

የባቡር ልጅ፦
አልተመለስኩም፤ እጽፋለሁ።