አንድ ቤት ሦስት ስም አለው፤ ቅጹ ላይ የቱን ልጻፍ?

የካራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ኮተቤ፣ ካራ አካባቢ ያሉ አሮጌ ቤቶችን በፈቃደኝነት እየመዘገብን ነው። ፎቶውና ልኬቱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ «የቦታው ስም» የሚለው ነው፤ የተተወለት አንድ መስመር ብቻ ነው።

ቅዳሜ የለካሁት የጭቃ ቤት ነው፤ መሠረቱ ድንጋይ፣ የበረንዳው ምሰሶ ጽድ። በጓዳው በኩል ልስኑ ረግፎ ማገሩ ይታያል። ምስማር የሚባል የለበትም፣ በልጥ ነው የታሰረው። በጣቴ ሳብ ባደርገው ንቅንቅ አላለም። ውስጥ ያሉት እማማ «የፊታውራሪ ግቢ ነው» አሉኝ። ባለሱቁ «አሮጌው ቀበሌ» ይለዋል። ከብት እየነዱ ያለፉ አባት ደግሞ በኦሮምኛ የወንዙን ስም ጠሩልኝ። አስተባባሪያችን አንዱን ምረጥ ይላል። ከአስፋልቱ ማዶ አምና የለካናቸው ሁለት ቤቶች ዛሬ የሉም፤ ስለዚህ ተሳስቼ መጻፍ አልፈልግም።

እትዬ ሜትር፦
የኔ ልጅ፣ ሦስቱንም ጻፍ። ፊታውራሪ ያሉህ ከ1967 በፊት የማን እንደነበር እየነገሩህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ስንቱ ግቢ የቀበሌ ሆነ፤ ባለሱቁ ያንን ነው የሚያውቀው። የወንዙን ስም የነገሩህ አባት ቤቱን ሳይሆን መሬቱን ነው የጠሩት። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ማን እንዳለህ፣ ዕድሜያቸውን፣ ቀኑን ጻፍ። የድሮው የቤት ቁጥር መቃኑ ላይ ካለ እሱንም አንሳ።

እኔ አንድ ጊዜ ለቅጹ ብዬ አንዱን ስም ብቻ ጽፌ መጣሁ። የቀሩትን ልጠይቅ ስመለስ ድንኳን ተጥሎ አገኘሁ፤ የነገሩኝ እናት አርፈዋል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የለገጣፎ ሰው፦
እትዬ ልክ ብለዋል። እኔ የምጨምረው፣ ስሙን በድምፅ ቅዳ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ካራ»ን ብቻ ውሰድ፤ በኦሮምኛ «ራ» ሲጠብቅ በር ነው፣ ላልቶ መጨረሻው ሲረዝም መንገድ ነው፣ በአማርኛ ደግሞ ቢላዋ። ወረቀት ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው። በቁቤ የሚጽፍልህ ሰው ካገኘህ እሱንም አስጽፍ።

ትርጉሙንም ከራስህ አትስጥ፣ ወንድሜ። የለገጣፎ «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው፤ ለገሃር ግን በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ከማለት የመጣ ነው። በመልክ ይመሳሰላሉ፣ ዝምድና ግን የላቸውም። ሲኤምሲም ከጣልያን የግንባታ ኩባንያ የቀረ ስም ነው። የሰማኸውን «እንዲህ ይላሉ» ብለህ አስቀምጥ።

አናጢው፦
ስለ ልጡ አንድ ነገር ልበል። በልጥ ስለታሰረ ብቻ ዕድሜ አትስጠው፤ ምስማር ሲወደድ በልጥ ያሰርን ብዙ ነን። ጽድና ባሕር ዛፍ ተቀላቅሎ ካየህ የትኛው የት እንዳለ ንድፉ ላይ ምልክት አድርግ። ባሕር ዛፉ በኋላ ሲጠገን የገባ ሊሆን ይችላል።

የካራ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ በጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ካሉት አራት ምሰሶዎች ሦስቱ ጽድ፣ በስተግራ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቅዳሜ አላስተዋልኩትም ነበር። እማማ ቡና አፍልተው እያወራን ልጅ ሳሉ ግቢው «እህል ቤቱ» ይባል እንደነበር ነገሩኝ። መስመሩ ስላልበቃኝ አራቱንም ስም ከቅጹ ጀርባ ጻፍኩ፤ ድምፃቸውንም አስፈቅጄ ቀድቻለሁ። ከብት የሚነዱትን አባት ሐሙስ፣ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ እጠብቃቸዋለሁ።